ለእናቴ የሚያናድድ
በአንድ የቴሌቪዥን ድራማ አድናቂዎች ዝግጅት ላይ ሰልፉ ሁሉ ወደ መልከ መልካሙ ተዋናይ ጠረጴዛ ነበር። በድራማው የባልቴቶችን ቤት የሚቀማውን ክፉ ሰው የሚጫወተው ተዋናይ ግን ብቻውን እስክሪብቶ ሲከፍትና ሲዘጋ፣ አንዲት ልብስ ሰፊ ፎቶውን ይዛ ቀረበች።

«ጋሼ፣ ለእናቴ ይፈርሙልኝ። አምርራ ትጠላዎታለች።»

«እሷ ብቻ መሰለችሽ? ሚስቴም የቤታችንን ካርታ ደብቃብኛለች።»

ልብስ ሰፊዋ አልሳቀችም። «በስትሮክ አንደበቷ ተይዞ ከርሞ፣ መጀመሪያ ከአፏ የወጣው ቃል እርስዎን በቴሌቪዥን ስታይ ያለችው ‹ሌባ!› ነበር። ድራማው ካለቀ ወዲህ መልሳ ዝም አለች። እባክዎ፣ የሚያናድዳት ነገር ይጻፉልኝ።»

ተዋናዩ ጎንበስ ብሎ ጻፈ፦ «አንቺ አሮጊት፣ ቤቱን ልረከብ እየመጣሁ ነው። ዕቃሽን ሸክፊ!»

ልጅቷ አነበበችው። ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ ቀለሙ እንዲደርቅ እፍ እያለችበት፣ «እግዜር ያክብርልኝ» አለችው።