በየፎቁ ወንበር

ሌሎች እናቶች ልጃቸውን «ሆዴ» ይላሉ። እማዬ ግን «ልቤ» ነው የምትለኝ። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም።

የመርዝ ዝናብ ከዘነበብን ወዲህ፣ መድኃኒቱ ኤስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን የሚቀበሉትን ተቀባዮቻችንን የሚያተርፍልን በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ወይ በልብና በደም ሥር፣ ወይ በማህፀን። ሃያ አምስት ዓመት የሞላት ሴት አንዱን ትመርጣለች፤ ማህፀኗን የመረጠች ልቧ ይደክማል፣ ልቧን የመረጠች አትወልድም። ዛሬ ተራው የኔ ነው።

ቅጹን ይዤ ከጤና ጣቢያ ስመለስ እማዬን የሕንፃችን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ጎረቤቶች በየፎቁ ወንበር አስቀምጠውላታል። አንድ እስር ጎመን ይዛ አራተኛ ፎቅ ለመድረስ ሦስት ጊዜ ታርፋለች።

«ያኔ ልብሽን መርጠሽ ቢሆን ይህን ደረጃ ትሮጪበት ነበር» አልኳት።

ትንፋሿን እስክትሰበስብ ጠበቅኳት።

«ልቤንማ ነው የመረጥኩት» አለች። «ይኸው ፊቴ ቆማለች።»

ከዚያ ቅጹን ተቀብላ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችልኝ። «አንቺ ግን እንደኔ እንዳትሆኚ። ወንበር ላይ ስታረጂ ማየት አልፈልግም።»

«ልብ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ።

«ጎሽ፣ ልቤ» አለችኝ።

እኔ እንዲህ ብዬ የምጠራው ልጅ አይኖረኝም።