የማይሸጡት ስምንት ካፖርቶች

ሦስት ደቂቃ ስጡኝ... ሱቅ ያላችሁ ደግሞ አምስት። አትቆጩበትም።

«እትዬ፣ ይሄ ሰማያዊ ካፖርት ስምንት ዓመት ሙሉ ገዢ አጣ እንዴ?»

ጠያቂዋ ታናሽ እህት ናት፤ የሒሳብ ሠራተኛ። ተጠያቂዋ ታላቋ፤ ልብስ ሰፊ።

የሱቁ ኪራይ ጨምሯል... የሦስት ወር ቅድሚያ፣ ሠላሳ ስድስት ሺህ ብር። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተከፈለ ቁልፍ ማስረከብ ነው።

መሳቢያው ደግሞ ባዶ።

«ቀን ከሌት ትሰፊያለሽ፤ ብሩ የት ነው የሚገባው?»

«እኔ ምን አውቄ! ሰፊ ነኝ እንጂ ጠንቋይ ነኝ?»

ስለዚህ ቆጠራ ጀመሩ።

(ቆጠራ ከባድ ነገር አይደለም። ሱቅ ውስጥ ያለውን አንድ በአንድ መዝግቦ፣ ስንት እንደወጣበት መጻፍ ነው። ዓመት ሙሉ ያልተነካ ዕቃ ካለ... እሱ የተኛ ብር ነው።)

በየዓመቱ መዝገብ ላይ «ሰማያዊ ካፖርት፣ 1» ይላል። ታናሽየዋ ያው አንዱ ካፖርት መስሏት ነበር።

ቁም ሣጥኑን ስትከፍተው ግን ስምንት ናቸው።

ሁሉም ሰማያዊ... ሁሉም የልጅ።

«ደንበኛ ሲጠይቅሽ ምን ትያለሽ?»

«ተይዟል እላለሁ።»

«ማን ነው የያዘው?»

ታላቋ ወደ ስፌቷ ዞረች።

ታናሽየዋ ካፖርቶቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። የመጀመሪያው ለሰባት ዓመት ልጅ። ቀጥሎ ለስምንት። ለዘጠኝ...

የመጨረሻው ለአሥራ አራት።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

የእህቷን ልጅ አባቷ ይዟት ሩቅ አገር የሄደው በስድስት ዓመቷ ነው። ከዚያ ስልኩ ተቀየረ... ወሬም ጠፋ።

«ቁመቷን በምን አወቅሽው?»

«የጎረቤቴ ልጅ እኩያዋ አይደለች? በየልደቷ እሷን እለካለሁ። ለእኔ ነው ወይ ስትለኝ... የደንበኛ ነው እላታለሁ።»

ታናሽየዋ እስክሪብቶዋን መልሳ አነሣች። «ለምን ርካሽ ሱቅ አንፈልግም?»

«ልጄ የምታውቀው ይሄን በር ብቻ ነው። ብትመጣ የት ብላ ትፈልገኛለች?»

«እንግዲያው ስሚኝ፣ እትዬ... ሰባቱ ከእንግዲህ አይሆኗትም። ግን በሩን ሊያቆዩልሽ ይችላሉ።»



ታላቋ ካውያውን ሰካች። ሰባቱን አንድ በአንድ ተኮሰች... የትንሹን አንገትጌ ሁለት ጊዜ።

እያንዳንዳቸው በአራት ሺህ፣ ሃያ ስምንት ሺህ። ተርፎ የተቀመጠው ጨርቅና ዚፕ ዘጠኝ ሺህ። ሠላሳ ሰባት ሺህ!

ኪራዩ ተከፈለ። አንድ ሺህ ተረፈ።

«ይቺ የመጀመሪያ ደሞዝሽ ናት» አለች ታናሽየዋ። «ስምንት ዓመት ለራስሽ ደሞዝ ሳትከፍይ ከሱቁ ጨርቅ ትቆርጫለሽ። የመጪውን ዓመት ካፖርት ከደሞዝሽ ትገዢዋለሽ፤ ያኔ የሱቁ ሳይሆን የአንቺ ይሆናል።»

ስምንተኛውን ካፖርት ከሱቁ ዕቃ ዝርዝር ሰረዘችው። ጎኑ ላይ «ለግል የተወሰደ» ብላ ጻፈች።

በዓመቱ አንዲት እናት ያን ጊዜ የገዛችውን ትንሹን ካፖርት ይዛ ተመለሰች።

«ልጄ አደገችብኝ። እጅጌውን ታስረዝሚልኛለሽ?»

ልብስ ሰፊዋ እጅጌውን ይዛ ቆየች...

«ስንት ጣት ያህል አደገች?» አለች። «ንገሪኝ እስቲ... ክፍያ የለውም፣ በነጻ ነው።»

ትምህርቱ... የሱቅን ሒሳብ ከልብ ሒሳብ ለዩ። ናፍቆታችሁን ጣሉት አላልኩም፤ ከሱቁ መዝገብ አውጡትና በራሳችሁ ደሞዝ ያዙት። አለዚያ የምትጠብቁበትን በር ራሱ ይዘጋባችኋል።

ነገ ጠዋት ሞክሩት! አንድ ወረቀት ያዙ፣ ዓመት ሙሉ ያልተንቀሳቀሰውን ዕቃ ጻፉ፣ ጎኑ ላይ ለምን እንዳልተሸጠ በሐቅ አስፍሩ። ለራሳችሁም ደሞዝ ቁረጡ፣ ትንሽም ብትሆን።

እናንተስ... «ተይዟል» እያላችሁ ያስቀመጣችሁት ምንድን ነው? ለማን? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ አንድ በአንድ አነባለሁ።