ስሙን ጥራው

አምሳለ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ዘንገና ሐይቅ ውስጥ ገባች። ዳር ቆመው የሚዘምሩት ምእመናን አንድ በአንድ ዝም አሉ።

ፓስተር ጢሞቲዎስ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆሞ የዋኘውን ክንድ ይዟል፤ ሊያጠምቀው ነው። ዋኘው የአምሳለን ባል አበረን በድንበር ጠብ በዱላ መትቶ የገደለ፣ እስር ቤት ሳለ ጌታን የተቀበለ፣ ከተፈታ ገና ወሩ ያልሞላ ሰው ነው። ቅድም ዳር ላይ ቆሞ፣ «ኃጢአቴ ሁሉ ተሰርዮልኛል፤ አንድም አልቀረብኝ» ብሎ ሲመሰክር ሕዝቡ አጨብጭቦለታል። ያጨበጨቡለት አምሳለ አብራቸው የምትጸልይ፣ ሲታመሙ የምታስታምማቸው ሰዎች ናቸው።

«እህት አምሳለ፣» አለ ፓስተሩ ቀስ ብሎ፣ «ኋላ እንነጋገራለን። አሁን ውጪ።»

«ኋላ መቼ? ሁሉን ከጨረሳችሁ በኋላ?»

«ይቅር ያለው እኮ እግዚአብሔር ነው።»

«እሱማ ይበል። እኔን ማን ጠየቀኝ? አባት የሌላቸውን ልጆቼን ማን ጠየቃቸው?» አልጮኸችም። ወደ ዋኘው ዞረች። «ኃጢአቴ፣ ኃጢአቴ ትላለህ። ኃጢአትህ ስም አለው። ጥራው።»

«እቴ…»

«እቴ አትበለኝ። ጥራው።»

ዋኘው አንገቱን ደፋ። «አበረ» አለ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ቀጠለ። «ከወደቀ በኋላም ደገምኩት። ‹በቃኝ፣ ተወኝ› እያለኝ ነበር።»

ፍርድ ቤት ቀርቦ የተናገረው አንዴ ብቻ እንደመታው ነበር። አምሳለም እስከ ዛሬ ያመነችው ያንን ነው፤ አንዴ ተመቶ፣ ምንም ሳያውቅ ሄደ ብላ ነበር የተጽናናችው።

አንገትጌውን ጨምድዳ ቁልቁል ደፈቀችው። የፓስተሩ እጅ አመለጠ፤ ውሃው በዋኘው ራስ ላይ ተከደነ። ዳር ያሉት ሴቶች «አምሳለ፣ አምሳለ» ይሏታል። እሷ የምትጠብቀው እስኪታገላት ነው።

አልታገለም። እጆቹን ዘርግቶ ዝም አለላት። በሁለት እጇ ስር ትከሻው እንደ ሕፃን ለስልሶ ተሰማት፤ ይሄ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ አንገበገባት። እንዲህ በቀላሉ? ሞቶ ሊገላገል?

በኃይል ጎትታ አወጣችው።

«ተንፍስ» አለችው። ያስለዋል፤ ዓይኑ ቀልቷል። «ተንፍስ እንጂ። ከእኔ ጋር ገና አልጨረስክም።»

ሰውየው ተጠመቀ ይባል አይባል ግራ የገባው ፓስተር ጣቶቿን ከአንገትጌው ሊያላቅቅ ሞከረ፤ አልላቀቅ አሉት። ሦስቱም እንደተያያዙ በጭቃው እየተደናቀፉ ወደ ዳር መራመድ ጀመሩ።