ሁለት ቀን ሲቀረው

«ለአባዬ ያላፈሰስሽውን እንባ ለውሻ ታፈሺያለሽ?»

ፈለቀች ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ልጇ አቤሴሎም ወፍራም ዱላ ይዞ ግቢው መሀል ቆሟል። እሷ በእሱና ባሕር ዛፉ ሥር በታሰረው ውሻ መካከል ናት። ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ልጁ እውነቱን ነው፤ ባሏ መሸሻ የሞተ ጊዜ አላለቀሰችም። ድንኳኑ በየት በኩል ይተከል፣ ወንበር ስንት ይበቃል፣ ውሃ ማን ይቅዳ እያለ ሁሉም እሷኑ ሲጠይቅ ሰነበተ። ለቀስተኛው ተመናምኖ ቤቱ ጭር ሲል ደግሞ እንባዋን ብትፈልገው አጣችው።

ውሻውን ያገኘችው በአርባው ማግስት ነው። ባጃጅ ገጭቶት መንገድ ዳር ወድቆ ነበር። በመሸሻ ጋቢ ጠቅልላ አመጣችው፤ የተሰበረ የኋላ እግሩን በሁለት ስንጥር ቀርከሃ አሰረችለት፤ በእጇ እያጎረሰች አከረመችው። ስም ያወጣችለት ጎረቤቷ ሀዋኒ ናት። ለነገ ከደረሰ ይተርፋል ብላ፣ በኦሮምኛ ነገ፣ «ቦሩ» አለችው። ደረሰ። ቤቱ ውስጥ የሚተነፍስ ነገር ሲኖር ፈለቀችም እንቅልፍ ይወስዳት ጀመር።

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጇ ሀይሚ ስትጫወት ያ እግሩ ላይ ተቀመጠችበት። እጇን ነከሳት። የጤና ባለሙያው ቁስሉን አጥቦ መርፌ ጀመረላት፤ ለፈለቀች ደግሞ ወረቀት ጻፈላት። ውሻው አሥር ቀን ታስሮ ይታይ። አሥሩን ቀን በጤና ከጨረሰ እብደት የለበትም፣ የልጅቱም መርፌ ይቆማል። ከተገደለ ወይም ከጠፋ ግን አምስት ዓመት ያልሞላት ልጅ መርፌውን እስከ መጨረሻው ትወጋለች። ዛሬ ስምንተኛው ቀን ነው።

«እማዬ፣ ዞር በይልኝ።»

«ሁለት ቀን ነው የቀረው። ይኸው ተጽፏል።» ወረቀቱን ከጉያዋ አውጥታ ዘረጋች። ጣቷን ከፊደል ወደ ፊደል እያስኬደች አነበበችለት፤ «እን-ዳይ-ገ-ደል።»

«ጎሽ! ትናንት ፊደል ቆጥረሽ ዛሬ ሐኪም ሆንሽ። ቢሮ ውስጥ ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ? የነከሰው ውሻ እየበላ እየጠጣ በቆየ ቁጥር በሽታው ልጅቱ ላይ ይበረታል ነው የሚሉኝ። እናትህ የልጅህን ነፍስ በውሻ ለወጠች ነው የሚሉኝ!»

ሀዋኒ ከአጥሩ ማዶ አንገቷን አሰገገች። «አቤሴሎም፣ ሰላም ነው? ዱላ ይዘህ ነው እንዴ እናት የምትጠይቀው?»

«አንቺ አትግቢበት።»

«መች ገባሁ፤ አጥሩ ማዶ ነኝ። እትዬ ፈለቀች፣ ይንገሩት እንጂ! ዛሬም ውሃ ጠጥቷል አይደል? ወላሂ፣ ያበደ ውሻ ውሃ ሲያይ ይሸሻል።»

«ሁለቴ ጠጥቷል፣ አቢዬ። በዓይኔ አይቻለሁ።»

በሩ ላይ የቆመው ባጃጅ ጥሩምባውን ነፋ። የአቤሴሎም ሚስት አዜብ ሀይሚን ታቅፋ ውስጡ ተቀምጣለች። «ኧረ ፍጠን! የመርፌው ሰዓት እያለፈብን ነው!»

አቤሴሎም አንድ እርምጃ ቀረበ። «ምረጪ። ወይ እሱ፣ ወይ ሀይሚ። ካሁን በኋላ እሷን ካሳየሁሽ የአባዬ አጥንት ይውጋኝ።»

ፈለቀች ልጇን ታውቀዋለች። ንዴቱ ከአንድ ሰዓት አያልፍም። ውሻው ለአንድ ሰዓት ብቻ ከዓይኑ ቢርቅ፣ ሲርበው ይመለሳል፤ በሀዋኒ ግቢ ታስሮ የቀሩትን ሁለት ቀን ይጨርሳል፤ ማንንም አታጣም። ጎንበስ ብላ ገመዱን ፈታች።

«ሂድ!»

ቦሩ እጇን ላሰ።

«ሂድ አልኩህ!» ጓል አንስታ ወረወረች። ያንኑ እግሩን አገኘው። ጮኸ፤ አንድ ጊዜ አያት፤ ከዚያ እያነከሰ በተከፈተው በር ወጣ። አቤሴሎም ዱላውን ሰነዘረ፣ ሳተው፣ ተከትሎት ሮጠ። ፈለቀችም ከኋላቸው ሮጠች። ቦሩ በሦስት እግሩም ፈጣን ነበር። ባጃጁን አለፈ። መንገዱን ተሻግሮ የታጨደው የስንዴ ማሳ ጫፍ ደረሰ።

ሀይሚ በፋሻ የተጠቀለለች እጇን ከባጃጁ አውጥታ አወዛወዘች። «ቦሩ! ቦሩዬ! ና!»

ውሻው ቆመ። ዞረ።

«ሀይሚ፣ ዝም በይ! አትጥሪው!»

በባጃጁ ድምፅ ቃሉ ስላልተለየላት፣ ልጅቱ አያቷ ውሻው ጠፋብኝ ብላ የምትጮህ መሰላት። «እማማ፣ አይዞሽ፣ እየመጣልሽ ነው!» አለች፣ እየሳቀች።

እየመጣ ነበር። ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ ጭራውን እያወዛወዘ፣ በአቤሴሎም እግር አጠገብ ሊያልፍ ሲል ዱላው አረፈበት። ሁለተኛ ምት አላስፈለገም።

አዜብ የልጅቱን ዓይን ስትሸፍን ዘግይታ ነበር። ሀይሚ አላለቀሰችም። እጇ ከባጃጁ ውጭ እንደተዘረጋ ቀረ፤ እናቷ ናት ይዛ ያስገባችው። አቤሴሎም ዱላውን ጥሎ አጠገባቸው ገባ። «ወደ ጤና ጣቢያ» ሲለው ሾፌሩ መንገዱ ላይ የወደቀውን ውሻ እያየ ነበር፤ ደግሞ ነገረው።

ባጃጁ ተነሳ። አቤሴሎም፣ አዜብና ሀይሚ ሄዱ። ቦሩ መንገዱ ላይ ቀረ፤ ፈለቀች በሩ ላይ።