ሬሳ ሆና የተኛችው አልቃሽ

ሕያዋንን በቸርነቱ፣ ሙታንን በተስፋው የሚጠብቅ አምላክ አንደበታችንን ከሐሰት፣ ልባችንን ከቅንዓት ይጠብቅልን፤ አሜን።

«እኔ? ሬሳ?!»

ኮንሲንግ ማራገቢያዋን ወለሉ ላይ ወረወረችው...

«ስንት ዘመን የዘፈንኩትን ሙሾ ለዚች ጫጩት ሰጥተህ እኔን ሳጥን ውስጥ ልታጋድመኝ?»

«ቀስ በይ እንጂ፣ ሰው ይሰማል» አላት የቴአትር ቡድናችን አለቃ፣ ሁላችን «ማኖንግ»፣ ታላቅ ወንድም የምንለው፣ ማኖንግ ቴርሶ።

«ይስማ! ነገ ሬሳ ነኝ፤ ዛሬ ልናገርበት!»

በእኛ ከተማ በኢሎኢሎ፣ በደብራችን የንግሥ በዓል በየዓመቱ የሚታይ ሙዚቃዊ ተውኔት አለ። እናት ትሞታለች፤ ልጆቿ ለቀብር ይሰበሰባሉ... ሬሳው አጠገብ ካርታ ይጫወታሉ፣ «ማን አብልጦ አለቀሰ?» ብለው ይጣላሉ፣ በመካከሉም ይዘፍናሉ። ሕዝቡ በሳቅ ይፈርሳል።

የተውኔቱ አክሊል ግን የታላቂቱ ልጅ ሙሾ ነው።

ያ ሙሾ የኮንሲንግ ነበር። ዘንድሮ ለወጣቷ ለሉዝቪ ተሰጠ።

ሬሳ የሚሆነውም ሰው ቢሆን ሥራ ፈት አይደለም። ፊቱን በዓይነ ርግብ ሸፍኖ ይተኛና፣ ቃል ለጠፋበት ተዋናይ ከሳጥኑ ውስጥ ሹክ ይላል። ስለዚህም ተውኔቱን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ የሚያውቅ ይመረጣል።

ኮንሲንግ ይህን እንደ ክብር አልቆጠረችውም... ቅንዓት ዓይን አለው፤ የሚያየው ግን የሌላውን ገበታ ብቻ ነው።

በበዓሉ ቀን፣ ተዋንያኑ ሲለባብሱ፣ ሉዝቪ የሙሾዋን ጥቁር ቀሚስ ለብሳ መጣች።

«ማናንግዬ፣ ታላቅ እህቴ... ቀሚሱ ሰፋኝ መሰለኝ።»

«የሰው ልብስ ይሰፋል፣ ኢንዳይ፣ አንቺ ልጅ።»

ልጅቱ አንገቷን ደፋች።

«ቃሉ ቢጠፋብኝ ግን ትነግሪኛለሽ፣ አይደል?»

«እኔ እኮ ሞቻለሁ። ሙት ደግሞ ምን ይናገራል?»

ሉዝቪ ቀልድ መስሏት ሳቀች...

ኮንሲንግ ግን ቆርጣለች። ቃሉ ሲጠፋባት ዝም እላለሁ፤ ሕዝቡ ይጩህባት፤ ሙሾዬም ወደ እኔ ይመለሳል አለች። ይህን ሐሳቧን በኋላ ራሷ ናት የነገረችኝ።

አደባባዩ ሞላ። እኔ ከመድረኩ ሥር ቫዮሊን ከሚመቱት ጋር ተቀምጬ ነበር፤ ሳጥኑ ከራሴ በላይ ነው።

ሉዝቪ ጀመረች። የመጀመሪያው ስንኝ ያማረ... ሁለተኛው ከእርሱ የበለጠ...

ሦስተኛው ጠፋ።

ቫዮሊኖቹ ዜማውን ዞረው ተመለሱበት። እርሷ ግን ዝም።

የምታለቅስ መስላ በሳጥኑ ላይ ጎንበስ አለች።

«ማናንግ... ጠፋኝ።»

ዝምታ።

«ማናንግ፣ ስለ እመቤታችን!»

ዝምታ...

«የሞተችው ሬሳዋ ናት ወይስ ዘፋኟ?» ብሎ ከኋላ አንድ ጎረምሳ ጮኸ። ሕዝቡ ሳቀ። ከዓይነ ርግቡ ሥርም የኮንሲንግ ከንፈር ፈገግ አለ።

ያን ጊዜ ሉዝቪ አለቀሰች። የተውኔት ልቅሶ አልነበረም። እንባዋ ወርዶ በሬሳዋ ፊት ላይ ተንጠባጠበ።

በእኛ ዘንድ ደግሞ በሬሳ ላይ እንባ ማፍሰስ ነውር ነው፤ የሟችን መንገድ ያከብዳል ይባላል። ከፊት የተቀመጡት አሮጊቶች ተውኔት መሆኑን ረስተው ከወንበራቸው ተነሡ።

«ኧረ እንባሽን! ሬሳዋ ላይ አታንጠባጥቢ!»

«አንቺ ልጅ፣ መንገዷን ልታከብጂባት ነው? አንሷት ከዚያ!»

አደባባዩ በሳቅ ፈነዳ።

ሉዝቪ ቀና አለች። የተውኔቱ ቃል ስለጠፋባት የራሷን ተናገረች።

«እሺ እናቶቼ፣ አላከብድባትም... ግን ሙሾ ያስተማረችኝ ይቺ ናት። እሷ አታውቅም እንጂ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ቆሜ ከአፏ ለቅሜዋለሁ። <ድምፅዋ ተሰብሯል፣ እናሰናብታት> ሲሉ <እሷ ከሄደች እኔም አልዘፍንም፤ ድምፅዋን የምሰማበት ቦታ አስተኙልኝ> ያልኩ እኔ ነኝ። ይኸው አጠገቤ ተኝታለች... ስጠራት ግን አትመልስልኝም።»

ሕዝቡ የተውኔቱ ክፍል መሰለው፤ እየሳቀ እንባውን ጠረገ።

ማኖንግ ቴርሶ ግን እውነቱን ያውቅ ነበርና ከመጋረጃው ዳር ፊቱን አዞረ።

ጥቂት ቆይቶ ከሳጥኑ ውስጥ ሳል ተሰማ... ከሳሉም በኋላ በሻካራ ድምፅ የጠፋው ሦስተኛ ስንኝ፦

«ጫማሽ ደጅ ላይ ነው... እግርሽ ግን የት ሄደ...»

ሹክታ አልነበረም፤ ኮንሲንግ ትዘፍን ነበር። ከፍ ወደሚለው ዜማ ስትደርስ ድምፅዋ ለሁለት ተሰነጠቀ። መሰበሩን ቡድኑ ሁሉ ሲያውቅ፣ እርሷ ገና ያን ጊዜ ሰማችው።

ሉዝቪ ከተሰነጠቀበት ተቀብላ ወደ ላይ አወጣችው።

ጭብጨባው ከእግዜር ቁጣ ይልቅ አስፈሪ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሁሉም ግን ለቆመችው ነበር፤ ለተኛችው ያጨበጨበ አልነበረም።

ቅንዓቷ በአንድ ቀን ተነቀለ ብዬ አልዋሻችሁም። በማግሥቱ ሉዝቪን እንዲህ ስትላት ሰምቻለሁና፦

«ሦስተኛው ስንኝ ላይ ትጎትቺዋለሽ።»

«እሺ ማናንግ።»

«እሺ አትበይኝ! ድገሚው። እኔ እዚህ ነኝ።»

ልጆቼ... ከቦታችን ገፍቶ ጣለን የምንለው ሰው አንዳንድ ጊዜ ጨርሰን እንዳንወድቅ ደግፎ የያዘን ነው። የሚቀና ሰው የገፋውን እጅ ያያል፤ ድጋፉን ግን አያይም።

እስቲ ከልባችሁ መልሱልኝ... እናንተ በሳጥኑ ውስጥ ብትሆኑ ኖሮ፣ በመጀመሪያው ልመና ቃሉን ትነግሯት ነበር? ወይስ ዝም ትሉ ነበር? በኮሜንት ጻፉት።

ያነበበውን ዓይን፣ የሰማውንም ጆሮ እግዚአብሔር ይባርክ። በሌላው ዜማ የሚደሰት ልብ ያድላችሁ፤ ዕድሜያችሁን ያርዝም፣ ፍጻሜያችሁን ያሳምር፣ የሚያለቅስላችሁንም እውነተኛ ያድርግላችሁ፤ አሜን።