የስኩዊዱ አደራ

ማድሎሞ ጠዋት ከጀልባ የወረደውን ስኩዊድ፣ ያንን ባለ ብዙ ክንድ የባሕር እንስሳ፣ ሆዱን በቢላ ሰነጠቀችና እጇ ባለበት ቀረ። ስኩዊዱ በሚረጨው ጥቁር ቀለም መሃል የሩዝ ፍሬ የምታክል ነጭ ትል ትንፏቀቃለች።

«ምነው ቢላሽ ቆመ?» አላት ባሏ፣ በር ላይ ከተቀመጠበት። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ባሕሩ ዳር ወርዶ አያውቅም። ውረድ ሲሉት «ባዶ ውሃ ላዳምጥ?» ነበር መልሱ።

«ራዴቤ፣ እስቲ እጅህን ዘርጋ።» ትሏን መዳፉ ላይ አኖረችለት።

«ሩዝ ሰጥተሽኝ ልትስቂብኝ ነው?»

«ሩዝ ይሄዳል እንዴ?»

እሱ ጀልባ ላይ በነበረበት ዘመን ይህች ትል የሌለችበት ስኩዊድ አይወጣም ነበር። ትሏ አድጋ ለወግ፣ ለመውለድ የምትበቃው ሻርክ አንጀት ውስጥ ገብታ ነው፤ ስኩዊዱ ሻርኩ እስኪውጠው ድረስ ተሸክሟት ይዞራል። ለዚህም አጥማጆቹ ትሏን ባገኙ ቁጥር «ለባለቤቱ ይድረስ» ብለው ወደ ባሕሩ ይመልሷት ነበር። ኋላ ሻርኮቹ ጠፉ፤ ስኩዊዱም ከትሉ ጸዳ። ገበያተኛው ሁሉ ደስ ሲለው ራዴቤ ብቻ «ሰው የሌለበት ቤት መች ይቆሽሻል» እያለ ይነጫነጭ ነበር።

አሁን ትሏ መዳፉን ስትኮረኩረው ጣቶቹን፣ ጫጩት እንደያዘ ሰው፣ ቀስ አድርጎ ከደናቸው።

«ጫማዬን አቀብይኝ» አለ።

«ወዴት ልትሄድ?»

«ባለቤቱ መጥቷል አይደል? አደራውን ላድርስለት።»