መኪና ውስጥ የተዘረጋ ጃንጥላ

መካኒኳ ልጅ በመኪናው ጣሪያ መስኮት ጥግ ላይ አንድ ኩባያ ውሃ ብታፈስም፣ ውሃው ወደ ጎማው ሥር በሚያወርደው ቱቦ ቀዳዳ አልወርድ አለ። ከሥር፣ ወንበሩ ላይ፣ እናቷ ጃንጥላ ዘርግታ ተቀምጣ ነበር፤ ጣሪያው ማፍሰስ ከጀመረ ወዲህ ያለ ጃንጥላ መኪናው ውስጥ ገብታ አታውቅም።

"ይኸው ተደፍኗል! አባዬ፣ ከታች ጠብቅ!" አለች ልጅቷ ቀጭን የናይለን ገመድ ወደ ቀዳዳው እየሰደደች። አናጺው አባቷ ጎማው ሥር ተንበርክኮ መዳፉን ዘረጋ። ገመዱ ትንሽ ሄደ፣ ተያዘ፣ አሁንም ሄደ።

"ወረደ?" አለች እናት ከውስጥ።

"ገና ነው!"

ድንገት ቱቦው ተንዶቀዶቀና ውሃው ዧ ብሎ ወረደ። "መጣ! ኧረ መጣ!" አናጺው እንደ ልጅ ዘለለ፤ እጅጌው መራሱን ልብም አላለ። መዳፉ ላይ የቀረውን ቢጫ ድቡልቡል ሲያይ ግን ቶሎ ብሎ ኪሱ ሊከተው ሞከረ።

"ምንድን ነው የደፈነው?" አለች ልጅቷ።

"ቅጠል ነው" አለ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

"እስቲ አሳየኝ" አለች ሚስቱ በበሩ መስኮት አንገቷን አውጥታ። መዳፉን ከፈተ፤ እንጨት የሚያጣብቅበት ማስቲሽ ነበር፣ የደረቀ።

"ውሃው በዚያ ቀዳዳ የሚገባ መስሎኝ እኮ ነው የደፈንኩት…"

ሚስቱ ጃንጥላዋን ቀስ ብላ አጠፈችና በመስኮቱ አቀበለችው። "እንካ ያዘው፤ ከአሁን በኋላ የሚዘንበው አንተ ላይ ነው።"